በሩ ላይ የሚጻፈው ስም

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

በዛሬው ዝግጅታችን ስለ ስም እንነጋገራለን። የሰው ስም ሳይሆን የማኅበር ስም ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ በዚህ በትንሹ ነገር ምክንያት አንድ መልካም ሥራ ሊፈርስ እንደተቃረበ የሚገልጽ ደብዳቤ ከአንዲት የወሎ ከተማ ስለደረሰን በቸልታ ልናልፈው አልወደድንም።

ደብዳቤውን የላኩልን ወንድሞችና እህቶች ማታ ማታ ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ፣ ጎልማሶችን ማንበብና መጻፍ ያስተምራሉ። በማስተማር ብቻ አይወሰኑም። ባሏ የሞተባት ሴት የመሬት ይዞታ ደብተሯን ይዛ ስትመጣ በላዩ የሰፈረውን ያነቡላታል፤ የእሷም ስም ከባሏ ስም ጎን መጻፉን በጣታቸው ያሳዩዋታል፤ ቀጥሎም ማመልከቻውን ራሷ እንድትጽፍ ያለማምዷታል። ምን እንደተጻፈ ሳያውቅ በአውራ ጣቱ የፈረመ የቀን ሠራተኛም ውሉን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ሥራቸው ሁለት ነው፤ አንዱ ፊደል ሲሆን ሌላው ፍትሕ ነው። ከተማሪዎቻቸው መካከል ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አለ፤ ገበሬው፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ አማርኛ ተናጋሪውና ኦሮምኛ ተናጋሪው አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። አሁን በሕግ ለመመዝገብ ሲነሱ ታዲያ ስም ላይ ተለያዩ። ሦስት ጊዜ ተሰብስበው አልተስማሙም። ከሦስተኛው ስብሰባ በኋላ ሁለት አስተማሪዎች መምጣት አቆሙ። ‹‹ሁሉንም የሚያቅፍ ስም ማግኘት ይቻላል ወይ? ቢገኝስ ከዲናችን አንጻር እንዴት ይታያል?›› ሲሉ ጠይቀውናል።

በቅድሚያ ስም በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ የነበረውን ክብደት እንመልከት። የዑመር (ረ.ዐ.) ልጅ ዓሲያ፣ ማለትም እምቢተኛ፣ ትባል ነበር፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጀሚላ፣ ውብ አሏት። ይህን ማንም ይረዳዋል፤ ስሙ በባለቤቱ ላይ የተጫነ ስድብ ነበርና። ሁለተኛው ግን ረቀቅ ይላል። በርራ የምትባል ልጅ ነበረች፤ ጻድቅ፣ መልካም ሠሪ እንደማለት ነው። ይህን ስም ለወጡትና ዘይነብ አሏት። በኋላ የምእመናን እናት የሆኑት ጁወይሪያም (ረ.ዐ.) መጀመሪያ ስማቸው በርራ ነበር። ምክንያቱን ሲገልጹ ራሳችሁን አታጥሩ፣ ከእናንተ ውስጥ መልካሙ ማን እንደሆነ አላህ ያውቃል የሚል ትርጉም ያለው ቃል ተናግረዋል። እንግዲህ ሁለት ዓይነት ስም ተለውጧል፤ ሰውን የሚያዋርድ ስምና ባለቤቱን የሚያወድስ ስም። በሕብረተሰባችን ውስጥ ያሉ የማኅበራት ስሞች በእነዚህ በሁለቱ ጉድጓድ ሲወድቁ ብዙ ጊዜ እናያለን። ‹‹ብርሃን ፈንጣቂ››፣ ‹‹ጨለማ ገፋፊ›› የሚሉት ለራሳቸው በርራ የሚል ስም የሰጡ ናቸው። ብርሃን ፈንጣቂው እኔ ከሆንኩ ጨለማው ማን ሊሆን ነው? ክፍሉ ውስጥ የተቀመጡት እናት ናቸዋ!

ወደ ደብዳቤው እንመለስ። የመጀመሪያው የቀረበው ስም ‹‹ማይምነትን የማጥፋት ማኅበር›› የሚል ነው። ያቀረቡት ሰው ቅን አሳብ እንዳላቸው አልጠራጠርም። ነገር ግን አንዲት የሃምሳ ዓመት እናት አመሻሽ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ሲወጡ ጎረቤት ‹‹ወዴት ነው?›› ብትላቸው ምን ብለው ይመልሱ? ‹‹ማይምነቴ ወደሚጠፋበት›› ሊሉ ነው? በየማታው ታፔላው ሥር ሲያልፉ ጉድለታቸውን ያነብላቸዋል። የሚያሳዝነው ደግሞ ማንበብ ሲችሉ መጀመሪያ ከሚያነቧቸው ቃላት አንዱ ይኸው ይሆናል።

ስለዚህ ቃል ትንሽ ልበል። ማይም ወይም መሃይም የምንለው ቃል ከግዕዙ መሃይምን የመጣ ነው፤ ትርጉሙም አማኝ፣ ምእመን ማለት ነበር። እኛ ኢማን፣ ሙእሚን ከምንለው ጋር በሥር የሚዛመድ ቃል ነው። ካህን ያልሆነው ተራው ምእመን መሃይምን ተባለ፤ ቀስ በቀስም ያልተማረ ማለት ሆነ፤ ከዚያም ስድብ ሆነ። ጨዋ የሚለው ቃልም በአንዳንድ ሊቃውንት አነጋገር ያልተማረ ማለት ሲሆን በእኛ ዘንድ ግን መልካም ጠባይ ያለው ማለት ነው። ቃላት እንዲህ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። በዐረብኛው ኡሚይ የሚለውንም ተመልከቱ። አላህ (ሱ.ወ.) በአል-አዕራፍ ምዕራፍ (7፡157) መልእክተኛውን በዚህ ቃል ገልጿቸዋል፤ ለእርሳቸው ይህ ክብርና የነቢይነታቸው ማስረጃ ነው። ሆኖም ከሶሓቦች አንድም ሰው የተማሪዎችን ክብ ‹‹የኡሚዮች ስብስብ›› ብሎ ሰይሞ ሰዎችን ወደዚያ እንደጠራ አልሰማንም።

ደግሞስ ማይም ማን ነው? በወሎ ገጠር ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁርኣን የቀሩ፣ አማርኛን በዐረብኛ ፊደል የሚጽፉና የሚያነቡ አባቶች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ይህ ዐጀሚ የምንለው አጻጻፍ ነው። ሸኽ ጦልሓ ቢን ጀዕፈር (ረሒመሁላህ) በአማርኛ የደረሷቸውን ግጥሞች በዚሁ ፊደል ነበር የጻፏቸው። በሐረርጌም ሸኽ በክሪ ሳጳሎ ለኦሮምኛ የራሱ የሆነ ፊደል በ1950ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ቀርጸዋል። ከእንዲህ ዓይነት አባት ኪታብ የቀራ አንድ ሽማግሌ የግዕዝ ፊደል ስላልለየ ብቻ ‹‹ማይም›› በሚል በር ግባ ብንለው፣ የሚያውቀውን ሁሉ ደጃፍ ላይ ጥሎ እንዲገባ ማዘዛችን ነው። እሱ የሚፈልገው ሁለተኛ ፊደል ነው።

ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ በመላው አገሪቱ የተካሄደውን ዘመቻ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ያልደረሳችሁበትም ሰምታችኋል። ስለ ደርግ መንግሥት ያለን አስተያየት ምንም ይሁን፣ ለዘመቻው ያወጣው ስም ግን መልካም ነበር፤ መሠረተ ትምህርት። ሰውየው የጎደለውን ሳይሆን የሚሰጠውን ነገር ይናገራል። ትምህርቱ እስከ 15 በሚደርሱ ቋንቋዎች መሰጠቱም ትልቅ ነገር ነው፤ ሁሉም በግዕዝ ፊደል መሆኑ ግን ኋላ ላይ ኦሮምኛውም ሶማሊኛውም ወደ ላቲን ፊደል ሲሄድ ብዙዎችን እንደገና ጀማሪ አድርጓቸዋል። እንዲያም ሆኖ ያኔ የተማሩት እናቶች ‹‹መሠረተ ትምህርት ተምሬያለሁ›› ሲሉ አንገታቸውን አይደፉም። ስም ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛው የቀረበው ስም ‹‹የተገለሉ ወገኖች ማኅበር›› ይላል። ይህ የመጣው ፍትሕ ከሚለው ከሁለተኛው ዓላማቸው ነው። ሸክላ ሠሪዎቹና ሸማኔዎቹ በአካባቢያቸው ምን ሲባሉ እንደኖሩ እናውቃለን፤ እዚህ ልደግመው አልፈልግም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ባለ እጅን መስደብ ከልክለው ነበር። በዚያ አዋጅ ከተዘረዘሩት ስድቦች መካከል ብረት ቀጥቃጩ ጠይብ፣ የሚጽፈው ሰው ደግሞ ጠንቋይ መባሉ ይገኝበታል። አስተውሉ፤ ማንበብና መጻፍ የቻለ ሰው ራሱ በስድብ ስም የሚጠራበት ዘመን ነበር! አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ቃሉ ግን ከአንዳንዱ አፍ አልወጣም። አላህ በአል-ሑጁራት ምዕራፍ (49፡11) በመጥፎ ቅጽል ስሞች አትጠራሩ ሲለን ይህንኑ ነው። አቡ ዘር (ረ.ዐ.) አንድን ሰው በእናቱ ሲያነውሩት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አንተ ውስጥ የጃሂሊያ ነገር ያለብህ ሰው ነህ ሲሉ እንደገሰጿቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። አቡ ዘር ማን እንደሆኑ የምታውቁ፣ ተግሣጹ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ይገባችኋል።

እርግጥ ነው፣ ‹‹የተገለሉ›› የሚለው ስድብ አይደለም። የደረሰ በደልን ይናገራል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ሪፖርት ላይ የሚጻፍና የአባልነት መታወቂያ ላይ የሚታተም ቃል አንድ አይደለም። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ‹‹የተገለለች›› የሚል ካርድ በቦርሳዋ ይዛ እንድትዞር አናድርጋት። በደሉን በደንባችን ውስጥ እንጻፈው፤ ቀበሌም ፍርድ ቤትም ስንሄድ እንናገረው። የሰውየው መጠሪያ ግን አናድርገው።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። ሦስተኛው አሳብ ማኅበሩ ‹‹የሙስሊሞች›› የሚል ቃል በስሙ ይያዝ የሚል ነው። የሚደግፉት ወንድሞች ‹‹ክፍሉን ያጸዳነው እኛ፣ ጥቁር ሰሌዳውን የገዛነው እኛ፣ ገንዘቡም ከጀማዓችን የወጣ ነው፤ በስማችን ልናፍር ነው ወይ?›› ይላሉ። ከሁለቱ የቀሩ አስተማሪዎች አንዱ ከዚህ ወገን እንደሆኑ፣ ሌላዋ ደግሞ ክርስቲያን እንደሆኑ ደብዳቤው ይገልጻል። በሁለቱም በኩል የተጎዳ ልብ ስላለ በጥንቃቄ እንየው።

ሙሃጅር እና አንሷር የሚሉትን ስሞች አስቡ። ከእነዚህ የበለጠ የከበረ የማኅበር ስም የት ይገኛል? ቁርኣን ራሱ አወድሷቸዋል። ነገር ግን በአንድ ዘመቻ ላይ ከሙሃጅሮች አንዱ የአንሷር ሰው መትቶ ጠብ ሲነሳ፣ አንዱ ‹‹የአንሷር ያለህ!›› ሌላው ‹‹የሙሃጅሮች ያለህ!›› ብሎ ተጣራ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ሲሰሙ ተዉት፣ ጥሪው የገማ ነው የሚል መልእክት ያለው ቃል ተናገሩ። ጃቢር (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት ሐዲስ ነው፤ ቡኻሪም ሙስሊምም ዘግበውታል። ስሞቹ አልተነቀፉም፤ ከዚያም በኋላ አንሷር አንሷር፣ ሙሃጅርም ሙሃጅር እንደሆኑ ኖረዋል። የገማው ስሙ ሌላውን ለማስወጣት ሲጠራ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ‹‹ሙስሊም የሚለው ስም ክቡር ነው ወይ?›› አይደለም። ይህንንስ ማን ይጠይቃል! ጥያቄው ይህ ስም በዚህ በር ላይ ሲጻፍ ምን ይሠራል የሚል ነው።

በሌላ በኩል ሒልፉል ፉዱልን ተመልከቱ። ከየመን የመጣ ነጋዴ በመካ ዕቃው ተወስዶበት ዋጋውን ተከለከለ። የቁረይሽ ጎሣዎች በዐብዱላህ ኢብኑ ጁድዓን ቤት ተሰብስበው ተበዳይ ማንም ይሁን ማን፣ የመካ ሰውም ይሁን እንግዳ፣ መብቱ እስኪመለስለት አብረውት ሊቆሙ ተማማሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያኔ ወጣት ነበሩ፤ በቦታውም ተገኝተዋል። ከነቢይነት በኋላም በእስልምና ወደዚያ ዓይነት ቃል ኪዳን ብጠራ እቀበል ነበር ብለዋል። ፉዱል የሚለው ስም ከየት እንደመጣ ዑለማዎች የተለያየ ነገር ይላሉ፤ ግማሾቹ ፈድል የሚባሉ ቀደምት ሰዎችን ይጠቅሳሉ፣ ግማሾቹ ያላግባብ የተወሰደን ትርፍ ለባለቤቱ መመለስን ያመለክታል ይላሉ። በየትኛውም ቢተረጎም ስሙ የበኑ ሃሺምም የበኑ ተይምም አልሆነም። ያን ጊዜ ጎሣ ሁሉ ነገር ነበር፤ ቃል ኪዳኑ ግን በጎሣ ስም አልተጠራም። የደብዳቤው ጸሐፊዎች የሚሠሩት ሥራ ለእኔ ከሁሉ ይበልጥ የሚመስለው ይህን ነው።

የራሳችንን ታሪክም አንርሳ። በንጉሡ ዘመን ‹‹በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች›› እንባል ነበር። ልዩነቱ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ‹‹የኢትዮጵያ›› ሳይሆን ‹‹በኢትዮጵያ የሚኖሩ››። ያ አንድ ቃል ግን አባቶቻችንን በገዛ አገራቸው ተከራይ አድርጓቸው ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ታላቅ ሰልፍ ለእኩልነት ሲጮኹ ይህ ቁስል በውስጣቸው ነበር። በዚያ ቀን ክርስቲያን ወገኖችም አብረዋቸው ተሰልፈዋል። እንግዲህ በስም ተከራይ መሆን ምን እንደሚያደርግ የምናውቅ ሰዎች፣ ክርስቲያኗን አስተማሪ ‹‹በእኛ ማኅበር የምትኖር›› ልናደርጋት አይገባም።

ደግሞም ለማስተማር ሃይማኖት አልተጠየቀም። ከበድር ምርኮኞች መካከል ቤዛ የሚከፍሉት ያጡት፣ ለአንሷር ልጆች መጻፍ በማስተማር እንዲለቀቁ ተደርጓል። ትናንት ሰይፍ መዘው የመጡ ሙሽሪኮች ነበሩ። ሺፋእ ቢንት ዐብዱላህ (ረ.ዐ.) ደግሞ የምእመናን እናት ሐፍሷን (ረ.ዐ.) መጻፍ አስተምረዋል። ፊደል ከተገኘበት ተወስዷል።

ይህን ካልኩ በኋላ ለሌላው ወገንም አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ሁሉን አቃፊ ስም ማጥመጃ መሆን የለበትም። አንድ ማኅበር ‹‹የሁሉም›› ብሎ ታፔላ ሰቅሎ ውስጡ ሃይማኖት የሚሰብክ ከሆነ፣ የእኛም ይሁን የሌላ፣ ያ ማታለል ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ሲያስገቡ ከሥሩ እርጥብ ሆኖ እንዳገኙትና ነጋዴውን እንዴት እንደገሰጹት ታውቃላችሁ። የቁርኣን ደርስ መስጠት የሚፈልጉ ወንድሞች በመስጊዱ፣ በግልጽ ስሙ ይስጡ፤ አላህ ይጨምርላቸው። የንባብ ክፍሉ ግን የንባብ ክፍል ይሁን። ስሙ ለሁሉም ከተከፈተ መጽሐፉም፣ ሰዓቱም፣ የበዓል ዕረፍቱም አብሮ መከፈት አለበት። የዓርብ ጁሙዓን አስበን የጥምቀትን ዋዜማ ብንረሳ ስሙ ውሸት ይሆናል። ሰሌዳውን የገዙትና የደከሙት ወንድሞች ድካማቸው አይረሳ፤ በመዝገቡ ላይ ማን ምን እንደሰጠ ይጻፍ። ምንዳቸው ግን አላህ ዘንድ ነው።

‹‹ኢቅራእ›› ይባል ያሉም አሉ። ውብ ቃል ነው፤ የመጀመሪያው ወሕይ ነው። ነገር ግን ሰዋስውን ላስታውሳችሁ፤ ኢቅራእ ማለት ‹‹አንተ አንብብ›› ነው፣ ለአንድ ወንድ የሚነገር ትእዛዝ። ለመልእክተኛው ነበርና ቦታው ትክክል ነው። በእኛ ክፍል ግን ከተቀመጡት የሚበዙት እናቶች ናቸው። በአማርኛም ‹‹አንብብ›› ብንል ያው ነው። ከሁሉም ቋንቋችን የሰጠን ‹‹እናንብብ›› የሚለው ቃል ደስ ይለኛል። ወንድም ሴትም አይለይም፣ አስተማሪውንም ተማሪውንም በአንድነት ይይዛል፣ ማንንም ጎደሎ አያደርግም። በኦሮምኛም በቀላሉ ተተርጉሞ ከሥሩ በቁቤ ሊጻፍ ይችላል። በእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ካልሆነ ያሉትን ወጣት ግን አላህ ይምራቸው እላለሁ፤ ማንበብ ለሚጀምር ሰው አራት ባዕድ ፊደል በሩ ላይ መለጠፍ ምን ይባላል?

የፍትሑን ነገርስ? አንድ ሽማግሌ ‹‹ፍትሕ የሚል ቃል ከስሙ ይውጣ፣ ጣጣ ያመጣል›› ማለታቸው ተጽፏል። ፍርሃታቸው መሠረት ነበረው። በ2001 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በመብትና በእኩልነት ሥራ እንዳይሰማሩ ተከልክለው ስለነበር፣ ብዙዎች እነዚህን ቃላት ሲሸሹ ኖረዋል። ያ አዋጅ ግን በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተክቷል፤ ክልከላውም ቀርቷል። ስለዚህ አባቴ አይስጉ። እኔ እኩልነት ከሚለው ፍትሕ የሚለውን እመርጣለሁ። ማየት ለማይችለው ተማሪና ለሚያየው እኩል አንድ አንድ መጽሐፍ መስጠት እኩልነት ሊባል ይችላል፤ ለዐይነ ስውሩ በብሬል ማዘጋጀት ግን ፍትሕ ነው። አላህም በአል-ማኢዳ ምዕራፍ (5፡8) የአንድን ሕዝብ ጥላቻ ፍትሕን እንዳያስተዋችሁ ሲል የሚወዱትን ብቻ ሳይሆን የሚጠሉትንም አስገብቷል።

ጸሐፊው ‹‹እናንብብ የጎረቤታሞች የንባብና የፍትሕ ማኅበር›› ብሎ ቢያስመዘግብ ለማኅተም ይረዝማል ትሉኝ ይሆናል፤ ይረዝማል። ‹‹እናንብብ››ን በትልቁ፣ የቀረውን በትንሹ መጻፍ ነው። ጎረቤት ያልኩት በአን-ኒሳእ ምዕራፍ (4፡36) ዘመድ የሆነውም ዘመድ ያልሆነውም ጎረቤት አብረው ስለተጠቀሱ ነው። ይህ የእኔ አስተያየት ነው እንጂ ፈትዋ አይደለም፤ የተሻለ ካገኛችሁ እሱን ያዙ።

አመራረጡ ላይ ግን አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ሦስቱም ስብሰባዎች የአስተማሪዎች ነበሩ፤ ተማሪዎቹ አልተጠየቁም። ስሙን በወረቀት ጽፋችሁ ምረጡ ብትሏቸውም ገና አያነቡትም። እያንዳንዱን ስም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ በአማርኛም በኦሮምኛም በሉላቸው፤ ከዚያም እያንዳንዳቸው ‹‹ማታ ማታ የምሄደው ወደ...›› ብለው ራሳቸው ይበሉት። ማን ላይ አፍ እንደሚያዝ፣ ማን ላይ እንደሚቀል ወዲያው ትሰማላችሁ። ከዚያ በፊት ግን ሁለታችሁ የቀራችሁት ዘንድ ከማኅበሩ ሰዎች ይሂዱ፤ ወደ ወንድማችን ቤት ክርስቲያን ባልደረባቸው፣ ወደ እህታችንም ቤት ከመስጊዱ ጀማዓ አንድ ሽማግሌ ቢሄዱ ይሻላል። ‹‹አባቶች ያወጡት ስም አይነካም›› የሚል ካለ፣ የሰዒድ ኢብኑል ሙሰየብን አያት ሐዝንን አስታውሱት። ሐዝን ሸካራ መሬት ማለት ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰህል፣ ገራም ሜዳ ልበልህ ቢሏቸው አባቴ ያወጣልኝን ስም አልለውጥም አሉ። ሰዒድ በኋላ ሲናገሩ ያ ሸካራነት ከቤተሰባችን ሳይወጣ ቀረ ብለዋል። ስሙን ለውጣችሁ ከሆነ ወይም ከተስማማችሁ ጻፉልን፤ በአየር ላይ እናነበዋለን ኢንሻአላህ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።